«እህሉማ ነበር»

የ1965ቱን የወሎ ረሃብ በትምህርት ቤት የተማርኩት የአብዮቱ መንደርደሪያ ሆኖ ነው። ዝናብ ቀረ፤ ሕዝብ አለቀ፤ መንግሥት ሸሸገ፤ ተማሪ ጮኸ፤ ወታደር ተነሳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዚህ አተራረክ ውስጥ ወሎዬው ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መሞት። ሞቶ ለሌላ ሰው ታሪክ ምክንያት መሆን። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነውና ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይከነክነኝ ነበር። ምክንያቱም በሰፈራችን ያንን ዘመን ያለፉ፣ ያልሞቱ ሰዎች ሞልተው ነበር። እህል የሸጡ፣ እህል የገዙ፣ ልጃቸውን ለሰው የሰጡ፣ የሰው ልጅ የተቀበሉ፣ ከወልድያና ከመርሳ አስፋልቱን ይዘው በእግራቸው የመጡ። ምን እንዳዩ የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ አዛውንቶችን እየፈለግሁ ድምፃቸውን በስልኬ እቀዳለሁ። አንዳንዱን በዘመድ፣ አንዳንዱን በእድር፣ አንዳንዱን በቡና ጠጪ ጎረቤት በኩል ነው የማገኘው። የአገር ታሪክ የምንለው ነገር በአብዛኛው የቆመው በቤተ መንግሥት ጸሐፊ፣ በውጭ አገር ቆንስላና በሚኒስቴር መዝገብ ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ ወሎን ያዩት ወይ ከላይ ሆነው ነው ወይ ከመንገድ ዳር። ከታች የነበረውን ሰው ስንጠይቅ፣ በታወቀው ታሪክ ላይ አንድ ሁለት የሚያሳዝን ገጠመኝ ይጨምርልናል ብለን እንጠብቃለን። እኔ ያገኘሁት ሌላ ነው። የተጠየቀው ሰው ጥያቄያችንን ራሱን ይለውጠዋል።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። በ1965 ገና ኮረዳ ሳሉ ከእናታቸው ጋር እህል ይቸረችሩ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ቡና ተፈልቶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ አቦሉ እየተጠጣ ሳለ የነገሩኝ ሁሉ ከሬዲዮም ከመጽሐፍም የማውቀውን ነው። «አምላክ ዝናቡን ነሳን፤ ጃንሆይም አልሰሙ።» አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ አገር የሚለውን ይልልሃል። ስለዚህ ስለ ረሃቡ መጠየቄን ትቼ ስለ ሥራቸው ጠየቅኳቸው። እህሉን ከማን ትረከቡ ነበር? የት ትቀመጡ ነበር? በምን ትሰፍሩ ነበር?

ቶናው ሲቀዳ ድምፃቸው ተለወጠ። «ጠላ ቤት ያላቸው፣ ደመወዝተኞቹ፣ በቁና ነበር የሚገዙን። የባላገሩ ሰው ከብት ሸጦ ሲመጣም በቁና ይገዛ ነበር። በኋላ በጣሳ ስፈሩልን አሉን። ከዚያ እናቴ ጣሳውን አስቀመጠችና በእፍኝ መሸጥ ጀመረች። እኔ ረሃብ መግባቱን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ መስፈሪያው ሲቀየር።» ታዲያ እህሉ አልጠፋም ነበር ወይ? ብዬ ጠየቅኳቸው። «እህሉማ ነበር ልጄ። ማሽላው ነበር፣ ጤፉም ነበር። የሚገዛው ነው እንጂ የጠፋው። በሬ ይዞ ይመጣል፤ በሬውን ማን ይግዛው? ሣር የለ፣ ጭድ የለ፣ ምን ያብላው? ብር አምባሯን ትሸጣለች፣ የቤቷን ሳንቃ ነቅላ ታመጣለች። ዋጋ የለውም። መኪናው ደግሞ በፊታችን እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል።»

እኚህ እናት የተናገሩት በዓለም ላይ ካሉት ስለ ረሃብ ከተደረጉ ታላላቅ ክርክሮች የአንዱ እምብርት ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት የወሎን ረሃብ እንደ ዋና ምሳሌ ወስዶ፣ ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህሉን የሚያገኝበት አቅም ሲከዳው ነው ብሎ ተከራከረ። ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ነው፤ ሰው እየረገፈ በነበረበት ጊዜ ዋጋው ከቀደሙት ዓመታት እምብዛም አልናረም። እህል ከወሎ ይወጣ እንደነበረም ጽፏል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ተነስተው ሞገቱት፤ ደሴ አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የደሴ ዋጋ ከመንገድ ርቆ ደጋው ውስጥ ስላለው ሰው ምንም አይነግረንም፣ እዚያ እህሉ በእርግጥ አልነበረም አሉ።

ይህ ክርክር ለዓመታት የተካሄደው በሠንጠረዥ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ዋጋውን በእጃቸው የሰፈሩ ሰዎች በሕይወት አሉ።

የእኚህ እናት ቃል ክርክሩን ይዘጋል አልልም። የእሳቸው ቃል የደሴ ቃል ነው። ስለዚህ ከመንገድ ርቆ የነበረ ሰው ፈለግሁ፤ በዚያ ዘመን ደላንታ የነበሩ፣ ኋላ ወርደው ቧንቧ ውሃ ሰፈር የከተሙ አባት አገኘሁ። ደሴ እህል እንዳለ ትሰሙ ነበር ወይ? አልኳቸው። «እንዴት አንሰማ! መሄድስ ሄደን ነበር። ግን በምን እናምጣው? አህዮቹ አልቀዋል። ሰው ተሸክሞት እንዳይመጣ የተራበ ጉልበት ነው፤ ቢሸከምም መንገድ ላይ ራሱ ይጨርሰዋል።»

አህያ። በገበያ ዋጋ ሠንጠረዥ ውስጥ የአህያ ዓምድ የለም። ከደላንታ ደሴ በእግር የቀናት መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ እህል የሚያመላልሰው ከብት ሲያልቅ ደሴ ያለው ዋጋ ረከሰም ተወደደም ለደላንታው ሰው ለውጥ አያመጣም። እህል ደሴ ላይ ነበር የሚሉት እናትና እህል አልነበረንም የሚሉት አባት ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው የሞተው። ከዚህ በኋላ ለማገኘው የደጋ ሰው ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ተለወጠ፤ ዝናቡ መቼ እንደቀረ ከመጠየቄ በፊት የጭነት ከብቱ መቼ እንዳለቀ እጠይቃለሁ። የቃል ታሪክ ለአገር ታሪክ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ለእኔ ይህ ነው። ማንም ያልመዘገበውን ነገር፣ መመዝገብ እንዳለበት እንኳ ያልታሰበውን፣ ከፊትህ ያስቀምጥልሃል።

በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ቁጥር ሲጠቀስ ከ40,000 እስከ 200,000 ይባላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 160,000 ሰው አለ። ኖሮ ይሁን ሞቶ ያልታወቀ፣ ከአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ የሚበልጥ ሰው። ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰዋል፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ ለዓለም አሳይቷል፤ ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀጣጥሎ ጃንሆይ ሊወርዱ ዋዜማ በቴሌቪዥን ታይቷል። አገር ረሃቡን የሚያስታውሰው በእነዚህ ምስሎች ነው። ምስሎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ለሠሩት ሰዎችም ክብር አለኝ። ነገር ግን መንግሥት ከወደቀ በኋላ ቤት ለቤት ሄዶ «ከእናንተ ቤት ማን ጎደለ?» ብሎ የቆጠረ መኖሩን አልሰማሁም።

ከጎደሉት መካከል ያልሞቱም አሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ በሕፃንነታቸው ለሰው የተሰጡ እናት አነጋግሬያለሁ። ከክርስቲያን ቤት ተወልደው በሙስሊም ቤት አደጉ። ያሳደጓቸውን ሰዎች በፍቅር ነው የሚያነሱት። የወለዷቸው እናት እንዴት እንደሰጧቸው ሊነግሩኝ ሲጀምሩ ግን ቆም አሉና «እሱን አጥፋው ሆዴ» አሉኝ። አጠፋሁት። ከዚያ ያወሩኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ሌላም ቦታ አልጽፈውም። በማስታወሻዬ ላይ ያሰፈርኩት ቅጂው የት ላይ እንደቆመ ብቻ ነው። ሰው የት ላይ ዝም እንደሚል ማወቅ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ በተለይ እንዲህ ያለው ዝምታ ከአንድ በላይ ቤት ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ሲደገም።

አሁን ወደሚያከራክረው ልምጣ። የታሪክ ባለሙያ የሆኑ ወዳጆቼ «ሰው ይረሳል፣ ያዛባል፣ ይጨምራል» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ሰው ያዛባል። እንዴት እንደሚያዛባ ማጥናት ግን የሥራው ግማሽ ነው። ጣሊያናዊው የቃል ታሪክ አጥኚ አሌሳንድሮ ፖርቴሊ በቴርኒ ከተማ የሠራው ሥራ ይህን በደንብ ያሳያል። ሉዊጂ ትራስቱሊ የሚባል የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1949 አገሩ ኔቶ መግባቷን በመቃወም በተደረገ ሰልፍ ላይ በፖሊስ ተገደለ። ከዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ የከተማው ሠራተኞች የሞተው እ.ኤ.አ. በ1953 ሠራተኞች በጅምላ ሲባረሩ በተነሳው ግጭት ነው ብለው ይናገሩ ነበር። ፖርቴሊ ተሳስተዋል ብሎ አልጣላቸውም። ለምን ቀኑን አዛወሩት? ብሎ ጠየቀ። ለእነሱ የሕይወታቸው ትልቅ ቁስል የ1953ቱ መባረር ነበር፤ የጓዳቸው ሞት ያለ ትርጉም እንዳይቀር ወደዚያ ወሰዱት። ቀኑን የሚነግረን የፖሊስ መዝገብ ነው፤ ቁስሉን የሚነግረን የተዛባው ቃል ነው። አንዱ ከሌለ ታሪኩ ጎዶሎ ነው።

እዚህ ደሴ ላይ ያየሁት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ህዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። የተጻፈው ታሪክ የሚነግረን ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ እንደነበሩ፣ በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ አጠገብ ሆነው የተነሱትን ፎቶግራፍ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል መመታቱን ነው። አንዲት እናት ከእናታቸው የሰሙትን ከ2014ቱ ጦርነት በፊት ቀድቼ ነበር፤ በዚያ ቅጂ አውሮፕላኑ በጦሳ ተራራ በኩል መጣ፣ ሰዉ ወደ ገደሉ ሸሸ፣ የሳር ቤት ተቃጠለ ይላሉ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ያንኑ ታሪክ እንደገና ጠየቅኳቸው። በሁለተኛው ቅጂ የ1928ቱ ሰው ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይሮጣል፤ ከባድ መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ሱቅ ይዘረፋል። የእናታቸው ጦርነት የራሳቸውን ጦርነት ለብሷል።

ለ1928 ታሪክ የመጀመሪያው ቅጂ ይሻላል። ለ2014 ታሪክ ግን ሁለተኛው ቅጂ የትኛውም ሪፖርት የማይሰጠውን ይሰጣል፤ አንድ ሰው የደረሰበትን በራሱ ስም ለመናገር ገና ሲያቅተው በእናቱ ስም እንደሚናገረው። ስለዚህ የምለው አንድ ነገር አለ። መቼ እንደተቀዳ ያልተጻፈበት የቃል ማስረጃ ዋጋው ግማሽ ነው። ማን ተናገረ ብቻ አይበቃም። መቼ ተናገረ፣ ማን አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፣ ከማን ሰማው፣ ጠያቂው የማን ልጅ ነው። ደሴ ውስጥ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ አያቴን የሚያውቁ ሰው ስለ መሬት ባላባቱ የሚነግሩኝ ለማያውቁኝ ሰው ከሚነግሩት ይለያል።

ዓመተ ምሕረቱንም ቢሆን በቀጥታ አልጠይቅም። «የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር? መሬት ላራሹ ከመታወጁ በፊት ነው በኋላ?» እላለሁ። የ1967ቱን የየካቲት አዋጅ የማያስታውስ የገጠር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ከዚያ ወደኋላም ወደፊትም መቁጠር ይቻላል። ትልልቆቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ሲያወሩኝ ደግሞ መለኪያቸው ክፉ ቀን ነው፤ ከ1880 ጀምሮ ከብቱ ሁሉ ያለቀበት ዘመን። አንዱን ነገር ለየብቻቸው ለተቀመጡ ሰዎች አቀርበዋለሁ። አብረው ሲሆኑ ይስማማሉ፤ የሚጠቅመኝ ግን መለያየታቸው ነው።

ከሰው ዕድሜ በላይ ወደኋላ ስንሄድ ነገሩ ይከብዳል። ከደሴ ብዙም የማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓፄ ዮሐንስ ያካሄዱት ጉባኤ በአገር ታሪክ ውስጥ የሃይማኖት አንድነት የተበየነበት ነው። የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ የሦስት ዓመት ቀነ ገደብ ተሰጣቸው፤ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ይህችን ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል እሳቸው ናቸው። በወሎ ቤቶች ውስጥ ግን ያው ጉባኤ የሚነገረው በሌላ በኩል ነው፤ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆነው ስላለፉ አያቶች፣ ከሼህ ጠልሃ ጋር ስለሸፈቱ፣ አገር ጥለው ስለሄዱ። ሟቹ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና ሲጽፉ ከሼሆች ቤት የእጅ ጽሑፍም ቃልም አሰባስበው ነበር። ዜና መዋዕል ብቻ ቢያነቡ ኖሮ ያ ታሪክ ባልተጻፈ። ዛሬ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መሐመድም ገብረ ማርያምም የሚባል አጎት ያለን ሰዎች ይህን የቤታችንን ታሪክ ስናወራ ለአንዱ ወገን የክስ ወረቀት እየጻፍን አይደለም። የሆነውን ሙሉውን እያወቅን አብረን መኖራችንን ነው የምንናገረው።

ስለ ሼህ ሁሴን ጅብሪል ስንኞችም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ወሎ ውስጥ ያልሰማቸው የለም፤ ስለ መጪ ነገሥታትና ስለ መጪ ዘመን የተናገሯቸው ናቸው እየተባለ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርዱ ኖረዋል። ለሚያምንባቸው ትንቢት ናቸው፤ ያንን አልነካም። ለታሪክ ሥራ ስጠቀምባቸው ግን የምመዘግበው የቱ ስንኝ በየትኛው መንግሥት ዘመን በብዛት ይነገር እንደነበር ነው። ሰው በአደባባይ መናገር በማይችልበት ዘመን ምን ይጠብቅ እንደነበር በስንኙ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የሚያስቸኩል ነገር ስላለ ነው። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተያዙ፤ እስከ ህዳር መጨረሻ እንደዚያው ቆዩ። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የሚገኘው የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘረፈ። ያ ጊዜ ያለፈው በእያንዳንዱ ቤት ነው፤ ትዝታውም ገና ትኩስ ነው። ነገር ግን በዚህ ጦርነት ላይ ሁሉም ወገን የራሱን ሟች ብቻ እየቆጠረ፣ የሌላውን እየዘለለ ቃል ሲሰበስብ አያለሁ። የተሰበሰበውም ወዲያው በፌስቡክና በቲክቶክ ይለቀቃል። ልጇ የሞተባት እናት ፊቷ ሳይሸፈን፣ ምን እንደተስማማች ሳታውቅ፣ በማግስቱ የሰው መሳሪያ ትሆናለች። ይህ የቃል ታሪክ አይደለም፤ በእሷ ላይ የሚፈጸም ሌላ በደል ነው።

እኔ የምፈልገው ወሎ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ሌላ አካል ደሴ ላይ የድምፅ ማኅደር እንዲያቆም ነው። ተናጋሪው «ከሃያ ዓመት በኋላ ይከፈት» ቢል የሚከበርለት፣ «ስሜ አይጠራ» ቢል የማይጠራበት፣ የእኛን ወገን የሚያሳፍር ቃልም ሳይቆረጥ የሚቀመጥበት። ጎረቤቱን የደበቀም ጎረቤቱን የጠቆመም እኩል የሚናገርበት። ከተደመጡት መካከል የትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን፣ የአፋርና የኦሮሞ ዘመዶቻችን ቃል ከሌለ ማኅደሩ የደሴ አይሆንም፤ ይህች ከተማ ያለ እነሱ ቆማ አታውቅምና።

ያ እስኪሆን ግን የ1965 ሰዎች አይጠብቁንም። ያኔ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ከአምባሰል፣ ከተንታ፣ ከኩታበር፣ ከባቲ፣ ከደላንታ አያት ወይም አጎት ያላችሁ አንባቢዎች ለበዓል ስትሄዱ ስልካችሁን ይዛችሁ፣ አስፈቅዳችሁ እነዚህን ጠይቁልኝ። ረሃቡ ሳይገባ በምን መስፈሪያ ትገዙ ነበር፣ ከገባ በኋላስ በምን? የሚቀርባችሁ ገበያ የት ነበር፣ ደርሶ ለመመለስስ ስንት ቀን ይፈጃል? ከቤታችሁ መጀመሪያ የተሸጠው ምን ነበር፣ ማን ገዛው? አህያ ነበራችሁ ወይ፤ ከነበረችስ እስከ መቼ ቆየች?